ለክላውንፊሽ የገዛሁት ባለ 20 ጋሎን ገንዳ፦ ብርዱንም ሙቀቱንም ካየ በኋላ

እቤት የሚመጣ እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ዓሣዎቹ ነው። ክላውንፊሽ የባሕር ዓሣ ስለሆነ የሚኖረው በጨው ውሃ ነው። ዓሣዎቹ ግን ብዙም አያስቸግሩም። የሚያስቸግረው ውሃው ነው። ይህን ገንዳም የምመዝነው ውሃውን ለመጠበቅ ምን ያህል አገዘኝ ብዬ ነው።

ዕቃው 75 ሊትር ገደማ ይይዛል። መብራትና ፓምፕ አለው፤ ማጣሪያው ከጀርባ በሦስት ክፍል ተደብቋል። ሂተሩ፣ ጨው መለኪያው፣ ጨውና ድንጋዩ ለብቻ ይገዛሉ። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ ያለውን ዋጋ አትመኑ፤ ሌላው ወጪ ተደምሮ ከገንዳው ይበልጣል።

መጀመሪያ ያለ ዓሣ መጠበቅ አለ። ከዓሣ ቆሻሻ የሚወጣውን መርዛማ አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ከዚያም ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት የሚቀይሩት ባክቴሪያዎች እስኪበዙ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ልጆች ካሏችሁ በየቀኑ ትጨቀጨቃላችሁ። ቀጥሎ ቡናማ አልጌ መስታወቱን ይሸፍነዋል። እሱ አያስደንግጣችሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይጠፋል።

ዋናው ጣጣ ትነት ነው። ውሃው ሲተን ጨው እዚያው ይቀራል፤ ጨዋማነቱም ይጨምራል። እኔ ጨዋማነቱን የምይዘው በጨው መለኪያው 1.025 (ከንጹሕ ውሃ ጋር ሲነጻጸር ያለው ክብደት) ላይ ነው፣ ሙቀቱን 25 ዲግሪ። የዚህ ገንዳ ተንኮል ፊት ለፊቱ ሁልጊዜ ሙሉ መምሰሉ ነው። የሚጎድለው ከጀርባ፣ ፓምፑ ያለበት ክፍል ነው። እዚህ ቨርጂኒያ በብርድ ጊዜ የቤት ማሞቂያው አየሩን ሲያደርቀው ያ ክፍል ቶሎ ይጎድላል፤ ፓምፑም አየር እየሳበ ማንጎራጎር ይጀምራል።

ለዚህ የጎደለውን በራሱ የሚሞላ መሣሪያ ጨመርኩ። ሴንሰሩ ውሃው ዝቅ ማለቱን ሲያይ ከባልዲ ጨው የሌለው ውሃ ይስባል። ካወጣሁት ገንዘብ ሁሉ የማይቆጨኝ ይሄኛው ነው። ሴንሰሩን ግን በየሳምንቱ ጥረጉት፤ አልጌ ይይዘዋል፣ ቀንድ አውጣም ሄዶ ይለጠፍበታል። ባልዲው ትንሽ ይሁን። መሣሪያው ተበላሽቶ ያለው ውሃ በሙሉ ቢገባ እንኳ ጨዋማነቱ ብዙ አይወርድም፣ ወለሉም አይጥለቀለቅም።

የምሞላው የተጣራ ውሃ ነው። በዋሽንግተን አካባቢ የቧንቧ ውሃ ክሎራሚን የሚባል ጀርም መግደያ አለበት፤ እሱ ደግሞ እንደ ክሎሪን ቀድታችሁ ስላሳደራችሁት አይጠፋም። በሳምንት አንዴ 10 ሊትር እቀይራለሁ፤ ጨው በሊትር 35 ግራም ገደማ።

ዓሣዎቹ ኦሴላሪስ የሚባለው የክላውንፊሽ ዓይነት ናቸው፤ ከባሕር የተያዙ ሳይሆኑ በገንዳ የተፈለፈሉ። አንዱን ትልቅ አንዱን ትንሽ አድርጋችሁ ግዙ። ሁሉም ወንድ ሆነው ነው የሚያድጉት፤ የበላይ የሆነው ወደ ሴት ይቀየራል። እቤታችን አለቃዋ እሷ ናት። እሱ ፊቷ ቀርቦ ሰውነቱን እያንቀጠቀጠ «እሺ እመቤቴ» ይላታል። ቀይ ባሕር ውስጥ ያለው ባለ ሁለት መስመሩ ዘመዳቸው አምሮኝ ነበር፣ ግን እስከ 14 ሴንቲ ሜትር ያድጋል፣ ጠበኛም ነው። ለዚህ ገንዳ አይሆንም።

አኔሞን (ክላውንፊሽ ባሕር ውስጥ የሚጠለልበት፣ አበባ የሚመስል እንስሳ) ግዙ የሚላችሁን ሻጭ አትስሙት። ክላውንፊሽ ያለሱ በደንብ ይኖራል። አኔሞን ቆየት ያለ፣ ውሃው የተረጋጋ ገንዳና ጠንካራ ብርሃን ይፈልጋል፤ ቦታው ካልተስማማው ደግሞ እየዞረ ፓምፕ ውስጥ ይገባል።

የማልወድለት ነገር? መብራቱ ሰማያዊነቱ በዝቷል፣ የሰዓት መቆጣጠሪያም የለውም። ክዳኑ ከኋላ ጥግ ክፍተት አለው። ክላውንፊሽ ይዘላል፣ ስለዚህ ክፍተቱን በመረብ ዘጋሁት። መስታወቱና የጀርባው ማጣሪያ ግን እስካሁን ምንም አልሆኑም።

ለገና አገር ቤት የምትሄዱ ከሆነ አንድ ነገር አስቡ። ጎረቤት ዓሣ ሲመግብ እጁ አይሰስትም፤ የተረፈው ምግብ ደግሞ ይበሰብስና ውሃውን ያበላሻል። እኔ የየቀኑን ድርሻ በክኒን ሳጥን ከፋፍዬ ሰጠሁ፤ ሌላውን ምግብ ቆለፍኩበት። የባልዲውን ውሃ መሙላትም አሳየሁት። እንዲህ አደራ የምትሰጡት ሰው በቅርብ ከሌላችሁ ግዢውን ለጊዜው አቆዩት።