ደብረ ብርሃን ላይ መኪናችሁ ቢቆም እኚህን ሰው ፈልጉ

ወደ ሰሜን ሸዋ የምትጓዙ ሁሉ ይህን አንብባችሁ ለሌላውም አካፍሉልኝ። ደብረ ብርሃን የሚሠሩ አንድ መካኒክ ለዋሉልን ውለታ በአደባባይ ካላመሰገንኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። ስማቸውን እንዳልጽፍ አስምለውኛል፤ ስለዚህ እንደጠራናቸው «ጋሼ» እያልኩ እቀጥላለሁ።

ወንድሜ የአሮጌ ሚኒባሱን የኋላ መቀመጫዎች አውጥቶ፣ ፍራሽ አንጥፎ፣ የጋዝ ምድጃና የውሃ በርሜል ገጥሞ መኖሪያ ቤት አስመስሎታል። አልጋ መያዝ ቀረ ማለት ነው፤ ሲመሽ ማቆምና መተኛት ነው። እናታችን የመንዝ ልጅ ናት። «መሐል ሜዳን ሳላይ እንዳልሞት» ስትል ኖራ፣ በመጨረሻ ልጆቼን ጨምረን ተነሣን። ሸኖን አልፈን፣ ደብረ ብርሃን ምሳ በልተን፣ ጣርማበር ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን ዳገቱ ላይ ከፊት ወንበሩ ሥር ነጭ እንፋሎት ቡልቅ ብሎ መኪናውን ሞላው። ጣርማበርን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከፍታው ከ3000 ሜትር በላይ ነው፤ ጉሙ ሲወርድ ከፊት የሚመጣው ከባድ መኪና መብራቱ እንኳ አይታይም። ትንሹ ልጄ አለቀሰ፣ እናቴ ውዳሴ ማርያሟን አወጣች። ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ አንድ የአይሱዙ ሹፌር በገመድ ጎትቶ ከተማ አደረሰን። ሳንቲም አልተቀበለንም፤ እሱንም ፈጣሪ ይባርከው።

ምሬቴ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ከጉዞው በፊት «ሁሉንም አይቼዋለሁ፤ መቀሌ ድረስ ብትሄዱ ምንም አይነካውም» ብሎ ጠቀም ያለ ገንዘብ የተቀበለን የአዲስ አበባ ጋራዥ ስንደውልለት አንዴ አነሣ። ችግሩን ሲሰማ ዘጋው፤ ከዚያ በኋላ ስልኩ ጥሪ አይቀበልም። ተጎትተን የገባንበት ጋራዥ ደግሞ የባሰ ሆነ። ማን እንደሆነ አልናገርም፣ እሱ ራሱን ያውቃል። ወንበሩን አንሥቶ ለአፍታ አየና «ቴስታታው ተቃጥሏል፤ ሞተር ይወርዳል» አለን፤ ቴስታታ የሚሉት የሞተሩን የላይኛውን ክፍል ነው። ይህን ሲለን ስልኩን እየነካካ ነበር። ቀብድ ብሎ የጠራው ገንዘብ ለጉዞው ከያዝነው ሁሉ ይበልጣል። እስቲ እንመካከር ስንለው ፊቱን አጠቆረ፤ ለ«ምርመራ» ክፈሉ አለ፣ ከፈልን። ከዚያ ሲመሽ «ግቢው ይዘጋል» ብሎ መኪናውን አስገፍቶ አስወጣን። በደብረ ብርሃን ብርድ፣ አሮጊት እናት ይዤ! አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

መንገድ ዳር ሻይ የምትሸጥ ልጅ ሁኔታችንን ስታይ ቆይታ «ጋሼን ልጥራላችሁ?» አለችን። ጥቂት ቆይቶ ጋቢ የደረቡ ሰው የእጅ ባትሪ ይዘው መጡ። መጀመሪያ የጠየቁት እናቴ እህል መቅመሷን ነው። ያኔውኑ ባለቤታቸውን ጠርተው እናቴንና ትንሹን ወደ ቤት አስገቧቸው፤ አጥሚት ቀረበላቸው፣ ብርድ ልብስ ተደረበላቸው። እኔ እዚያው ቆሜ ማልቀስ ጀመርኩ።

መኪናውን በእጅ ገፍተን ግቢያቸው አስገባን። ጋሼ መሣሪያ ሳያወጡ ወንድሜን በጥያቄ ያዙት፤ የት ጀመረ፣ ውሃ ይጎድል ነበር ወይ፣ ጭሱ ምን ዓይነት ነው። የዘይት መለኪያውን መዝዘው ዘይቱን በሁለት ጣታቸው አሹት፣ አሸተቱት። ቀጥለው የራዲያተሩን ክዳን ፈተው ወደ ብርሃኑ አቀረቡና ልጄን «ነይ እዪው» አሏት። ከክዳኑ ሥር ያለችው ቀጭን ጎማ ግማሿ ተበልታ፣ ግማሿ ደርቃ ተሰነጣጥቃለች። በአውራ ጣታቸው ሲነኳት ፍርፋሪዋ መዳፋቸው ላይ ቀረ። «ቴስታታው ጤነኛ ነው፤ ማንም እንዳያስወርዳችሁ» አሉን።

አንድ ክዳን! እንደገባኝ ከሆነ ክዳኑ ግፊቱን መያዝ ሲያቅተው ውሃው እየፈላ ይወጣል፤ ደጋ ላይ ደግሞ ይብሳል። አሥረኛ ክፍል የምትማረው ልጄ «ፊዚክስ ላይ ተምረነዋል፤ እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ 90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል» ስትላቸው ጋሼ ሣቁና «ታዲያ አንቺ እያለሽ እኔን ለምን ጠራችሁኝ?» አሏት። የቀረውን አትጠይቁኝ፤ ሲያብራሩልኝ ራሴን ከመነቅነቅ በቀር የያዝኩት ነገር የለም።

ግቢያቸው ውስጥ ከቆመ አሮጌ መኪና ላይ ደኅና ክዳን ፈትተው ገጠሙልን፤ ሞተሩን አስነሥተው በዚያ ብርድ ረጅም ሰዓት አጠገቡ ቆሙ። ማታ ደኅና የሆነው ጠዋት እንዳያታልለን ብለው እዚያው አሳደሩን፤ ሲነጋም ወንድሜን ከጎናቸው አስቀምጠው ዳገት ላይ ነድተው ፈተሹት። ለክዳኑም ለድካማቸውም የጠየቁን ለምሳችን ከከፈልነው ያንሳል። ጨምሬ ስሰጣቸው ተቆጡኝ፦ «መንገድ ላይ በቆመ ሰው አይነገድም» አሉና ትርፉን መለሱልኝ።

ሌሊቱን እናቴና የጋሼ ባለቤት ምን ሲሠሩ እንዳደሩ ልንገራችሁ? ዘር ሲቆጥሩ! የሴትዮዋ አያት የመንዝ ሰው ሆነው ተገኙና ከዚህም ከዚያም ተስቦ ዝምድና ተገኘ። ጋሼ ግን የተጉለት ሰው ናቸው፤ እናቴ ቁርስ ላይ እስኪበቃት ቀለደችባቸው። ስንለያይ ሁለቱ ሴቶች ተላቀሱ፤ አሁን በየሳምንቱ ይደዋወላሉ።

በዚያው መኪና ጣርማበርን ወጣን፣ በመዘዞ አድርገን ጓሳ የሚባለው ሣራማ ደጋ ገባን። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ መንገዱ ዳር ሣር ሲነጩ ልጆቼ አብደው ነበር። እናቴ ግን ዓይኗ ሣሩ ላይ ነበር፤ ለቤት ክዳን የሚሆነው ጓሳ እንዲያድግ አባቶች ቦታውን ለዓመታት እንዴት ዘግተው ይጠብቁት እንደነበር እያወራችን መሐል ሜዳ ገባን። መኪናው በመልሱም አንዲት ጠብታ አላፈሰሰም።

ስለዚህ እባካችሁ፣ በዚያ መስመር ስትሄዱ አንድ ነገር ቢገጥማችሁ፣ ሞተር ይውረድ ለሚላችሁ ሰው ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ለጋሼ አሳዩ። ምንም ባይገጥማችሁም ዳገቱን ከመጀመራችሁ በፊት አስፈትሹ። ግቢያቸው ደብረ ብርሃን፣ ወደ ደሴ መውጫው በኩል ነው። ስልካቸውን ለጠየቀ ሁሉ እንዳልበትን ስለነገሩኝ ለሚያስፈልገው ሰው በውስጥ መስመር እልካለሁ። እሁድ ጠዋት ግን ቤተ ክርስቲያን ናቸው፤ ከአራት ሰዓት በፊት አትደውሉላቸው።