ክራፍት ወይስ ፎይል፦ ለባልትናና ለቡና ሻጭ የትኛው ከረጢት ያዋጣል?

የባልትና ሥራ ሊጀምር ያሰበ ሁሉ ቀድሞ የሚጠይቀው ይህንን ነው፦ ቡናማው የወረቀት ከረጢት፣ ክራፍት፣ ውስጡን ከሚያሳየው መስኮቱ ጋር ይሻላል ወይስ ብርማው ፎይል? ለበርበሬ፣ ለሽሮና ለተቆላ ቡና ፎይል ነው። ያውም ምንም ያልታተመበት፣ ስቲከር የሚለጠፍበት።

ክራፍት የሚገዛው ለመልኩ ነው። ፌስታልን የሚከለክለው አዋጅ በ2017 ዓ.ም. ከጸደቀ ወዲህ ደግሞ «ይሄ እኮ ወረቀት ነው» የሚል ሻጭ አይጠፋም። አንዱን ቀደድ አድርጋችሁ እዩት፤ ከወረቀቱ ሥር ላስቲክ ተለጥፏል። ላስቲክ ከሌለውማ አፉ በሙቀት አይታሸግም፣ ቅባቱም በውጭ በኩል ይወዛል። መስኮቱ የባሰ ነው። ብርሃን የበርበሬን ቀለም ያገረጣል፤ መደርደሪያ ላይ የከረመ ከረጢት ሲከፈት በመስኮቱ ልክ የነጣው ቦታ ለብቻው ይለያል።

ዋጋውን እናስላ። ለምሳሌ ክራፍቱ 14፣ ፎይሉ 18 ብር ቢሆን በ100 ከረጢት ልዩነቱ 400 ብር ነው። ግማሽ ኪሎ በርበሬ በ400 ብር የምትሸጡ ከሆነ ከመቶው አንዱ ተበላሽቶ ሲመለስ የቆጠባችሁት አለቀ። ሁለተኛው ሲመለስ ከኪስ ነው።

ለዳቦ ቆሎና በሳምንት ለሚያልቅ ብስኩት ክራፍት ይበቃል።

ችግሩ፣ «ፎይል» የሚባለው ሁሉ ፎይል አለመሆኑ ነው። የአሉሚኒየም ተን ብቻ የተቀባ ላስቲክ በፎይል ዋጋ ይሸጣል። መለየቱ ቀላል ነው፦ የስልክ መብራት አብርታችሁ ከረጢቱ ውስጥ ክተቱትና ጨለማ ቦታ ላይ እዩ። ብርሃኑ ደብዝዞ ካለፈ የተቀባ ላስቲክ ነው፤ እውነተኛ ፎይል አያሳልፍም። ማዕዘኑንም አጥፋችሁ ልቀቁት፤ ፎይል እንደታጠፈ ይቀራል፣ ላስቲኩ ይመለሳል። ቶሎ ለሚሸጥ ሽሮ የተቀባውም ይሠራል፤ ግን በዋጋው።

ኅትመት ላይ አትቸኩሉ። በሲሊንደር (ጽሑፉና ሥዕሉ በሚቀረጽበት የብረት ጥቅል) ሲታተም ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ ሲሊንደር ይቀረጻል፤ 6 ቀለም ማለት 6 ሲሊንደር ነው። ስልክ ቁጥር ቢቀየር የዚያ ቀለም ሲሊንደር እንደገና ይቀረጻል፣ የተረፈው ከረጢትም መጋዘን ያጣብባል። ስቲከር ስታሠሩ ግን የወረቀቱን ተዉት፤ ቅባት የነካው እጅ ሲይዘው ያዥጎረጉረዋል። የላስቲክ ስቲከር ይሁን።

ዚፕ ለደቃቅ ዱቄት ገንዘብ ማባከን ነው፤ ጎድጎዱ ውስጥ ዱቄት ይገባና አይገጥምም። ደንበኛውም ቤቱ ወስዶ ዕቃ ውስጥ ይገለብጠዋል። ቫልቭ፣ ማለትም ጋዝ አስወጥቶ አየር የማያስገባው ክዳን፣ የሚያስፈልገው ለቡና ብቻ ነው፤ አዲስ የተቆላ ቡና ጋዝ ስለሚያወጣ ያለ ቫልቭ ከረጢቱ ይነፋል። ቫልቩ ተለጥፎ ከሥሩ ቀዳዳ ያልተበሳለት ከረጢትም አለ። ባዶውን በአየር ሞልታችሁ አፉን አሽጉና ጨመቅ አድርጉት፤ በቫልቩ በኩል ካልተነፈሰ አትግዙ።

«ባለ 250 ግራም» የሚለውን አትመኑ። የቡና ፍሬ ከሽሮ ይልቅ ብዙ ቦታ ይይዛል፤ የራሳችሁን ዕቃ ሞልታችሁ ከላይ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል መትረፉን እዩ።

ትእዛዝ ከመስጠታችሁ በፊት 10 ናሙና ውሰዱ። ሞልታችሁ አሽጉ፣ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ጨምቁ። ከታሸገው አፍ አረፋ ከወጣ ሁለት ነገር ተመልከቱ። አንደኛው ማሽኑ ነው፦ በአንድ ወገን ብቻ የሚያሞቅ የእጅ ማሸጊያ ክራፍት ላይ ይቸገራል፤ ወረቀቱ ሙቀቱን ስለሚይዘው ውስጡ ሳይቀልጥ ውጪው ይጠበሳል። ሁለተኛው አፉ ላይ የተጣበቀ ዱቄት ነው። ወፍራም ወረቀት ጠቅልላችሁ እስከ ከረጢቱ ሆድ አስገቡ፣ በእሱ ውስጥ ሙሉ፣ ወረቀቱን አውጡና አፉን በደረቅ ጨርቅ ጠርጋችሁ አሽጉ።