በእርግዝና ጊዜ የድብርት መድኃኒት፦ የቱ ይሻላል?

ደሴም ይሁን ወልዲያ፣ ለድብርት ኪኒን የምትወስድ ሴት ስታረግዝ መጀመሪያ የሚያስጨንቃት የልጇ አእምሮ ነው። በዚህ ፍርሃት ኪኒኑን ድንገት የሚያቆሙ አሉ። እህቴ፣ ሐኪምሽን ሳታማክሪ አታቁሚ። ያልታከመ ድብርት ራሱ ምግብ ይዘጋል፣ ክትትል ያስቀራል፣ ያለጊዜው ከመውለድ ጋርም ይያያዛል።

ቀደም ያሉ ጥናቶች መድኃኒቱን ከኦቲዝም ጋር አያይዘውት ነበር። በኋላ የአንድ እናት ልጆች እርስ በርስ ሲነጻጸሩ ልዩነቱ ጠፋ ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ የአሜሪካ ጥናት መድኃኒት የተወሰደባቸውን ከ145 ሺህ በላይ እርግዝናዎች አይቷል። የእናቲቱ ሕመምና ኑሮዋ ሲታሰብ፣ መድኃኒቱ በራሱ ኦቲዝም ወይም የትኩረት ችግር ያመጣል የሚል ውጤት አላገኘም።

አዲስ ለምትጀምር እኔ የማስቀድመው ሰርትራሊንን ነው። ወደ ጡት ወተት የሚያልፈው በጣም ጥቂት ነው። በቀን አንዴ ስለሚወሰድ ረመዳን ላይም ለኢፍጣር ወይም ለሱሁር ይመቻል። ፍሉኦክሰቲን ከሰውነት ለመውጣት ሳምንታት ይፈጅበታል። አንድ ቀን ቢዘለል ቶሎ አይጎዳም፤ ወደ ወተት የሚያልፈው ግን ይበዛል። ቢሆንም ፍሉኦክሰቲን ቀድሞ የተሻለሽ ከሆነ፣ ለእርግዝናው ብሎ መቀየሩ ብዙ ጊዜ አይመከርም። አሚትሪፕቲሊን የቆየ መድኃኒት ነው። እንቅልፍ ያበዛል፣ ሆድ ያደርቃል። ከመጠን በላይ ከተወሰደ ይገድላል፤ ራሷን የማጥፋት ሐሳብ ላለባት ሴት አልመርጠውም። ፓሮክሰቲን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከልብ አፈጣጠር ችግር ጋር ስለተያያዘ፣ በእርግዝና አዲስ ባይጀመር ይሻላል።

የልጅን አእምሮ በእርግጥ የሚጎዳው ቫልፕሮት ነው። የድብርት መድኃኒት ባይሆንም ለስሜት መዋዠቅና ለሚጥል በሽታ ይታዘዛል። እሱን የምትወስጂ ከሆነ ሳታረግዢ በፊት ለሐኪም ንገሪ።

እስከ ወሊድ የድብርት መድኃኒት ከወሰዱ እናቶች ከተወለዱ ሕፃናት ከ10 3ቱ ገደማ በመጀመሪያ ቀናት ይንቀጠቀጣሉ፣ ያለቅሳሉ፣ መጥባት ያስቸግራቸዋል። አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ ያልፋል። ለዚህ ነው ጤና ተቋም ውለጂ የምለው፤ አዋላጇም መድኃኒቱን ትወቅ።

ድብርቱ ቀላል ከሆነ በንግግር የሚደረግ ሕክምና ይቀድማል። ጠበሉም፣ ወዳጃውም፣ የዱበርቲዎቹ ዱዓም ይቀጥል፤ ኪኒኑን ግን አይተኩም። ጫቱ ግን ይቅርብሽ፤ የልጁን ክብደት ይቀንሳል።