ሙሉ ክላሲካል፣ ላላ ያለ ክላሲካል ወይስ ልጅ መር? ለቤት ትምህርት ከመግዛትዎ በፊት

ከውጭ የሚታዘዘው የክላሲካል (የጥንቱን የግሪክና የሮም ትምህርት መንገድ የሚከተል) የቤት ትምህርት መጻሕፍት ጥቅል ሲከፈት ዓይን ይሞላል። ሰዋስው፣ ታሪክ፣ ሒሳብ፣ ላቲንና የመምህር መመሪያ፣ ሁሉም በየሳምንቱ ተከፋፍሎ፣ ብዙ ጊዜ ለ36 ሳምንት ተዘጋጅቶ ይመጣል። ዘዴው ትምህርትን በሦስት እርከን ያስኬዳል፦ እስከ 10 ዓመት ገደማ በቃል ማጥናት፣ እስከ 14 ገደማ ማመዛዘንና መከራከር፣ ከዚያ በኋላ አሳምሮ መጻፍና መናገር። ወላጁ «ዛሬ ምን ላስተምር?» ብሎ አይጨነቅም፤ ትልቁ ጥቅሙም ይኸው ነው።

ችግሩ ጥቅሉ አዲስ አበባ ሲደርስ ይጀምራል። አማርኛ የለውም። ታሪኩ ግሪክና ሮም ላይ ይከርማል፤ የልጁን ላቲን የሚያርም ሰው ማግኘትም ቀላል አይደለም። ዋጋው በውጭ ምንዛሪ ሆኖ ማጓጓዣና ጉምሩክ ይጨመርበታል። መርሐ ግብሩን እንዳለ ልከተል ያለ ቤተሰብ ደግሞ የ7 ዓመት ልጅ ጠረጴዛ ላይ አራት ሰዓት ያስቀምጣል፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ያለው ጊዜ በጭቅጭቅ ያልቃል።

የልጁን ጥያቄና ፍላጎት የሚከተለው ልጅ መሩ መንገድ በተቃራኒው ብዙ አያስገዛም። አራት ኪሎ አካባቢ ለሚኖር እንዲያውም ግማሹ ትምህርት በእግር የሚደረስበት ነው፦ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት፣ ወደ ስድስት ኪሎ ሲወጡ ብሔራዊ ሙዚየም። ስለ ድንቅነሽ የጠየቀ ልጅ ሳምንቱን በአጥንት፣ በአፋርና በካርታ ቢያሳልፍ ጊዜው አልባከነም። ክፍተት የሚተወው ግን ሒሳብና ፊደል ላይ ነው። ሁለቱም ደረጃ በደረጃ የሚገነቡ በመሆናቸው ማካፈልን በፍላጎቱ የሚመርጥ ልጅ እስኪመጣ መጠበቅ አያዋጣም። ክፍተቱም ልጁ ትምህርት ቤት ልግባ ሲል ወይም የ6ኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ ብቅ ይላል።

ስለዚህ ለብዙው ቤት የሚሻለው መሐለኛው ነው፦ የክላሲካሉን አጥንት ይዞ ሌላውን መልቀቅ። ጠዋት 20 ደቂቃ ሒሳብ፣ 15 ደቂቃ ፊደል ወይም ንባብ፣ 30 ደቂቃ ወላጅ ጮክ ብሎ የሚያነብበት ሰዓት። ልጁ የሰማውን በራሱ አንደበት መልሶ ይንገር፤ ይህ ከሥራ ደብተር ጥያቄ በላይ ያሳያል። ከሰዓት በኋላ የልጁ ነው። በላቲን ቦታ ግዕዝ ይግባ፤ መምህሩም እዚሁ ይገኛል።

ፊደል ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ልጁ «ሀ ሁ ሂ ሃ» ብሎ እስከ መጨረሻው በዜማ ይወጣዋል፤ መሐል ላይ «ጌ»ን ቢያሳዩት ግን ዝም ይላል። የሸመደደው ዜማውን እንጂ ቅርጹን አይደለም። የቄስ ትምህርት ቤት ይህን ቀድሞ ያውቀዋል፤ ከሀሁ በኋላ አቡጊዳን (አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ) የሚያስቆጥረው ለዚሁ ነው። በቤት፣ ኤ4 ጠንካራ ወረቀት ለስምንት ካርድ ይቁረጡ፣ በእያንዳንዱ ካርድም አንድ ፊደል ይጻፉ፤ 29 ወረቀት ለ231ዱ ፊደላት ይበቃል። በሳምንት ሁለት ረድፍ ብቻ ይጨምሩ፣ ሁልጊዜም ካርዶቹን አደባልቀው ያስነብቡ። 33ቱ ረድፍ በአራት ወር ገደማ ያልቃል። ብዙውን ጊዜ የሚያስቸግረው ሳድስ ነው፤ ቅርጹ እንደ ሌሎቹ ወጥ ስላልሆነ ካርዶቹን ለብቻ ያውጧቸው።

ግዢው በዚህ ቅደም ተከተል ይሁን። መጀመሪያ የፊደል ገበታና ለክፍሉ የሚሆን የመንግሥት የሒሳብ መጽሐፍ። ቀጥሎ ለማንበብ አምስት ወይም ስድስት የተረት መጻሕፍት፤ ያገለገሉም ይሁኑ። ለመቁጠሪያ ጓዳ ያለው ሽምብራ ይበቃል፤ ፕላስቲክ መቁጠሪያ አይግዙ። ከጥቅሉ የሚያስፈልግ ነገር ካለ የእንግሊዝኛ ሰዋስው መጽሐፉ ብቻ ነው፤ እሱም ለየብቻ ይሸጥ እንደሆነ ይጠይቁ።

ሙሉ ጥቅሉ የሚያዋጣው እንግሊዝኛ የቤት ቋንቋ ለሆነበት፣ ወይም ሁለት ዓመት ቆይቶ ውጭ ለሚሄድ ቤተሰብ ነው። ልጅ መሩ ሙሉ በሙሉ የሚሆነው ከ7 ዓመት በታች ላለ ልጅ፣ ወይም ከትምህርት ቤት ተሰላችቶ ለወጣና ለሁለት ወር ያህል እረፍት ለሚያስፈልገው ነው። ወደ ትምህርት ቤት መመለስ የታሰበ እንደሆነ የመንግሥቱን መጽሐፍ ምዕራፍ በምዕራፍ እያመሳከሩ፣ የልጁን ደብተሮች ቀን ጽፈው ያስቀምጡ፤ የሚቀበለው ትምህርት ቤት መጀመሪያ የሚጠይቀው ልጁ የት እንደደረሰ ነው።