ለጎንደር ዳገት የትኛው ሞተር ይሻላል? ቱርቦ የሌለው፣ ቱርቦ ያለው እና የኤሌክትሪክ መኪና ሲነጻጸሩ

መኪና ሻጭ ስለ ሞተር ጉልበት ሲናገር የሚጠቅሰው ቁጥር ለባሕር ወለል አካባቢ አየርና ለ25 ዲግሪ ያህል ሙቀት የተሰላ ነው። ጎንደር ያለችው ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,133 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 77 በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ሞተሩ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ወደ ሲሊንደሩ የሚስበው አየር በዚያው ልክ ይሳሳል፤ ቤንዚንም ሆነ ናፍጣ ደግሞ ያለ ኦክስጅን አይነድም። ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ወደ 10 በመቶ የሚጠጋ ጉልበት ያጣል የሚባለው ከዚህ የተነሳ ነው። ስለዚህ በወረቀት ላይ 100 የፈረስ ጉልበት ያለው መኪና ጎንደር ፒያሳ ላይ የሚኖረው ከ75 እስከ 80 ቢሆን ነው።

ብዙ ገዢዎች ከከፍታው ይልቅ ሙቀቱን ይፈራሉ። ሙቀትም ድርሻ አለው፤ አየሩ በ10 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ክብደቱ በ3 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ነገር ግን 700 ሜትር ገደማ ላይ ያለችውን መተማን በ40 ዲግሪ ቀትር፣ ጎንደርን ደግሞ በ10 ዲግሪ ማለዳ ወስደን ብናሰላው፣ የመተማው ትኩስ አየር አሁንም ከጎንደሩ ቀዝቃዛ አየር በ8 በመቶ ያህል ይከብዳል። ጉልበትን በሚመለከት ከፍታ ሙቀትን ይረታል ማለት ነው። መተማ መንገድ ላይ መኪና የሚያስቸግረው በማቀዝቀዣው በኩል ነው፤ ወደዚያ በኋላ እመለሳለሁ።

ባለ ካርቡራተር ወይስ ባለ ኢንጄክሽን?

ይህ ንጽጽር ረጅም ጊዜ አይወስድም። እንደ ዲኤክስ ኮሮላ ባሉ አሮጌ መኪኖች ላይ ያለው ካርቡራተር (ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ክፍል) አየሩ መሳሳቱን አያውቅም፤ ለባሕር ወለል የተስተካከለ ከሆነ ጎንደር ላይ ከሚያስፈልገው ከ10 በመቶ የበለጠ ቤንዚን ይለቅቃል። ውጤቱን ለማየት አንዱን ካንዴላ (ቤንዚኑን የሚለኩሰውን) ፈትቶ ጫፉን መመልከት ይበቃል፤ ቡናማ መሆን ሲገባው እንደ ምጣድ ጥላሸት ጠቁሮ ይገኛል። ጥሩ መካኒክ ዢግለሩን (ቤንዚኑ የሚያልፍበትን ቀዳዳ) በመቀየርና በማስተካከል ይህን ያቃልለዋል፤ ይሁንና ለጎንደር የተስተካከለ ካርቡራተር መተማ ሲወርድ ቤንዚን ያንሰዋል። ኢንጄክሽን ግን የአየሩን ግፊት ወይም መጠን በሴንሰር እየለካ ነዳጁን ራሱ ይመጥናል። የጠፋውን ጉልበት አይመልስም፤ ብክነቱን ግን ያስቀራል። በጀት ካልገደበ በስተቀር ለዚህ ከተማ ካርቡራተር የሚመረጥበት ምክንያት አይታየኝም።

ቪትዝ 1.0 ወይስ 1.3?

እዚህ ላይ ገዢው ቆም ብሎ ቢያስብ ይጠቅመዋል። ባለ 1.0 ሊትሩ ቪትዝ 70 ያህል፣ ባለ 1.3 ሊትሩ 87 ያህል የፈረስ ጉልበት አላቸው። ሁለቱንም ለጎንደር ከፍታ ብናሰላቸው ትንሹ ወደ 54፣ ትልቁ ወደ 67 ይወርዳሉ፤ በሌላ አነጋገር 1.3ቱ ጎንደር ላይ የሚሠራው 1.0ው በባሕር ዳርቻ ከተማ የሚሠራውን ያህል ነው። በሜዳ ላይ ለሚነዳ ብቸኛ ሾፌር ልዩነቱ እምብዛም አይታይም፤ በተረጋጋ ጉዞ የሞተሩን ሙሉ ጉልበት የሚጠይቅ ነገር የለምና። በአንድ ወቅት አንድ ባለ 1.0 ሊትር ለመፈተሽ አራት ሆነን ከጎንደር በላይ ወዳለው የጎሃ ኮረብታ ስንወጣ ግን፣ ከግማሽ ዳገት በኋላ በሁለተኛ ማርሽ ነዳጁ እስከ ወለሉ ተረግጦ ፍጥነቱ ይወርድ ነበር፤ ሾፌሩ አንደኛ ሲያስገባ ሞተሩ ጮኸ፣ መኪናው ግን በእግረኛ ፍጥነት ነው የወጣው። ሻጩ «ካንዴላ ቢቀየርለት ይፈጥናል» አለ። ካንዴላው አዲስ ነበር። ቤተሰብ ይዞ ለሚንቀሳቀስ ሰው 1.3ቱን እመክራለሁ፤ የነዳጅ ቁጠባውም ቢሆን ትንሹ ሞተር ሁልጊዜ እስከ መጨረሻው ሲረገጥ ይጠፋል።

ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ወይስ ባለ ቱርቦ?

ወደ ደባርቅና ወደ ስሜን ተራሮች ለሚመላለስ ሰው ጥያቄው ይህ ነው። የኮሶዬን ዳገት አልፎ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ደባርቅ ሲደረስ የአየር ግፊቱ 71 በመቶ፣ 4,200 ሜትር በሚጠጋው የቧሂት ማለፊያ ላይ ደግሞ 60 በመቶ ብቻ ነው። 4.2 ሊትሩ ቱርቦ የሌለው የላንድክሩዘር ናፍጣ ሞተር 130 የፈረስ ጉልበት ያህል ይዞ ይነሳል፤ ቧሂት ላይ ግን ወደ 80 ይወርዳል። የናፍጣ ፓምፓው ለከፍታ ማስተካከያ ከሌለው የተለመደውን ናፍጣ መላኩን ስለሚቀጥል ትርፉ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል፣ ጭስ ማውጫውም ከልክ በላይ ይሞቃል።

ቱርቦ በተቃራኒው በጭሱ ኃይል እየተሽከረከረ አየሩን ጨምቆ ያስገባል፤ የውጭው አየር ሲሳሳ ፍጥነቱን ጨምሮ የጎደለውን አብዛኛውን ክፍል ይተካል። ከ160 የፈረስ ጉልበት በላይ ያለው 3.0 ሊትር ቱርቦ ሃይሉክስ ጎንደር ላይ የሚያጣው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ቱርቦው እስኪነሳ ድረስ፣ ማለትም ሞተሩ በዝግታ በሚዞርበት ጊዜ፣ እሱም እንደ ሌላው ሳስቶ ነው የሚተነፍሰው፤ ስለዚህ ዳገት ላይ ከቆመበት ሲነሳ ለአፍታ የሚዘገይ ከሆነ ብልሽት ነው ማለት አይደለም። የተጨመቀ አየር ስለሚሞቅም ኢንተርኩለሩ (ያን አየር የሚያቀዘቅዘው ክፍል) የተደፈነ ወይም የሚያፈስ ቱርቦ በቆላ ሙቀት ላይ ጥቅሙ ይቀንሳል።

ቱርቦ ለሌለው ለአሮጌው ሞተር የሚከራከሩ ሰዎች ግን ያለ ምክንያት አይደለም። ፓምፓው ቀላል ነው፣ ከትልቅ ጋራዥ ርቆ ያለ መካኒክም ይጠግነዋል፣ ንጹሕ ያልሆነ ናፍጣንም ይታገሣል፤ ናፍጣውን የሚረጩት የአዲሱ ባለ ቱርቦ ሞተር ኖዝሎች ግን በቆሻሻ ነዳጅ ቶሎ ይበላሻሉ፣ ዋጋቸውም ከባድ ነው። ከዳባትና ከደባርቅ በላይ ጭነት ለሚያመላልስ ቱርቦውን እመርጣለሁ፤ ጥሩ የናፍጣ ፊልትሮ በወቅቱ እንደሚቀይር ቃል ከገባ ብቻ።

የኤሌክትሪክ መኪናስ?

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ አዲስ መኪና የሚፈልግ ሰው ከዚህ ጥያቄ አያመልጥም። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም፤ በወረቀት የተጻፈለት ጉልበት ጎሃ ላይም ቧሂት ላይም ያው ነው፤ እንዲያውም አየሩ የሳሳ በመሆኑ መኪናውን ወደ ኋላ የሚገፋው ነፋስ ይቀላል። ከፍታ የሚያስከፍለው ከባትሪው ነው። 1,800 ኪሎ የሚመዝን መኪና ከመተማ ወደ ጎንደር ሲወጣ ራሱን 1,400 ሜትር ገደማ ለማንሣት ብቻ ወደ 7 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ ይህም ለመንገዱ ርዝመት ከሚፈጀው በተጨማሪ ነው። ሲወርድ ከዚህ የተወሰነውን በሞተር ፍሬን መልሶ ይሰበስባል። ባትሪው ሞልቶ ቁልቁለት ከተጀመረ ግን የሚሰበስብበት ቦታ ስለሌለው ሸክሙ ወደ ተራው ፍሬን ይመለሳል። ቤቱ ኤሌክትሪክ ላለውና ከማራኪ እስከ አዘዞ ለሚመላለስ ሰው ከሁሉም የተሻለው ይኸው ነው፤ መንገዱ ዘወትር መተማ ወይም ደባርቅ ለሆነ ሰው ግን የት እንደሚሞላ አስቀድሞ ሳያረጋግጥ አልመክረውም።

ከመግዛት በፊት

ነዳጅ ለሚጠቀም መኪና ሁሉ ራዲያተሩን ይመልከቱ። ውኃ ጎንደር ላይ በ93 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ (ባቄላ እዚህ ቶሎ የማይበስለውም ለዚሁ ነው) ሞተሩን ከመፍላት የሚጠብቀው የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊት ነው። ጎማው የደረቀ ክዳን ቆላ ወርዶ ዳገቱን ሲመለስ ያፈላል፤ የሳሳ አየርም ራዲያተሩን በደንብ አያቀዘቅዘውም። መኪናውን ሞተሩ ሳይሞቅ በማለዳ ያስነሡት፤ ሻጩ አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቀዎት ሌላ ቀን ይቅጠሩት። ከዚያ ሊጭኑት ያሰቡትን ሰው ያህል ጭነው ከአዘዞ ወደ ፒያሳ፣ ከፒያሳ ወደ ጎሃ ይውጡበት፤ ዳገቱ መሐል ላይ አቁመው እንደገና ያስነሡት፤ በስንተኛ ማርሽ እንደወጣና ከኋላው ምን ዓይነት ጭስ እንደተወ ይመዝግቡ።