ግድግዳ የሚያልፍ ሪሞት

ድሬ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፤ ከግንቦት ጀምሮ ማታ ሳሎን መቀመጥ አይታሰብም። እኛ ቤት ቲቪው በረንዳ ይወጣል፣ ምንጣፍ ይነጠፋል። ሪሲቨሩና ሆም ቲያትሩ ግን ሳሎን፣ ቡፌው ውስጥ ይቀራሉ። ችግሩ ሪሞቱ ነው። የሚሠራው በዓይን በማይታይ ኢንፍራሬድ ብርሃን ስለሆነ ግድግዳ ቀርቶ የተዘጋ የቡፌ በርም አያልፍም። ስለዚህ ኳስ እያየን ድምፅ ለመቀነስ ሁሌ አንዱ ልጅ ተነስቶ ይሮጣል።

መጀመሪያ በሪሞት ፈንታ በስልክ የሚታዘዘውን የዋይፋይ ዕቃ ገዛሁ። አቦ፣ ለኛ ቤት አይሆንም! መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ራውተሩ እስኪነሳ መጠበቅ ነው። የገዛሁት ደግሞ 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለውን የዋይፋይ ሞገድ ብቻ ነው የሚቀበለው፤ እሱን እስካውቅ አንድ ማታ ሙሉ ለፋሁ። ከሁሉ በላይ እናቴ ስልክ ከፍታ፣ አፕ ፈልጋ ቻናል እንድትቀይር መጠየቅ ይከብዳል። የለመደችው የራሷን ሪሞት ነው።

ከወር በፊት እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ስዞር የሪሞት ማራዘሚያ አገኘሁ። ፒራሚድ የሚመስሉ ሁለት ትንንሽ ጥቁር ዕቃዎች ናቸው። አንዱ በረንዳ እኛ ጋ ይቀመጣል፣ ሌላው ሳሎን ከሪሲቨሩ ፊት። የውጪው የሪሞቱን ብርሃን ተቀብሎ በ433 ሜጋኸርዝ የሬዲዮ ሞገድ ወደ ውስጥ ይልካል፣ የውስጡ መልሶ ኢንፍራሬድ ያደርገዋል። ዋይፋይ የለ፣ አፕ የለ። መብራት ሲመጣ ወዲያው ይሠራል።

እንከን አለው። አመሻሽ ላይ ፀሐይ የበረንዳው ዕቃ ላይ በቀጥታ ሲያርፍ የዕቃው ትንሽ መብራት ዝም ብሎ ብልጭ ብልጭ ይላል፣ ትእዛዝም አያሳልፍም። ጥላ ቦታ ሳስቀምጠው ተስተካከለ። የድምፅ ቁልፍ ተጭናችሁ ከቆያችሁ ደግሞ ዘሎ ይጨምራል፤ አንድ አንድ ጊዜ እየነኩ መሄድ ነው።

ስትገዙ የራሳችሁን ሪሞት ይዛችሁ ሂዱ። የአብዛኛው ሪሞት ብርሃን የሚርገበገብበት ፍጥነት 38 ኪሎኸርዝ አካባቢ ነው፣ ከዚያ ራቅ ያለ ከሆነ ማራዘሚያው ላያነበው ይችላል። እኔ ሱቁ ውስጥ አስሰክቼ፣ አንዱን ከግድግዳ ጀርባ አስቀምጬ ነው የሞከርኩት፤ ሻጩም ሳይሰለች ጠበቀኝ።

እናቴ አሁን ከምንጣፏ ሳትነሳ ቻናል ትቀይራለች። ሁለቱም ዕቃዎች ሶኬት ይፈልጋሉ፤ የበረንዳውን ለጊዜው በኤክስቴንሽን ገመድ ነው የያዝኩት፣ በዚህ ሳምንት ኤሌክትሪሺያን አምጥቼ አስገጥማለሁ።