ግቢ ውስጥ የተቀባች ዲኤክሴን ደብረ ብርሃን ፖሊሽ አስደረግኳት፣ እንዴት ነው ለምትሉኝ

ሰው ሁሉ የት ነው ያሰራሃት እያለ ስለሚጠይቀኝ አንዴ ልጻፈውና እንገላገል። ባጭሩ ልጁ ጎበዝ ነው፣ ቤቱ ግን ቤት አይባልም፣ ዋጋው ላቫጆ ለፖሊሽ ከምትከፍሉት ሦስት እጥፍ ገደማ ነው፣ ቀጠሮ ላይ ደግሞ አትመኑት። ይሄ ሁሉ ሆኖ ሌላ መኪና ቢኖረኝ እሱው ጋ ነው ምወስደው። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

መኪናዋ ዲኤክስ ኮሮላ ናት፣ ጥቁር ሰማያዊ። የገዛኋት ደብረ ሲና ካለ ሰውዬ ነው፣ ኮምፕሬሰር ተከራይቶ እዛው ግቢው ውስጥ ራሱ ነው የቀባት፣ ይሄንንም ሳይደብቅ ነው የነገረኝ፣ ዋጋውም ይሄንኑ ያየ ስለነበር ቅር አላለኝም። ሞተሯ ሰላም ነው፣ ላሜራዋም ንፁህ ነው። ጥላ ውስጥ ስትቆም ቀለሟ ምንም አይልም፣ ፀሐይ ላይ ስትወጣ ግን ኮፈኑ ላይ የሸረሪት ድር የተዘረጋ ነው ሚመስለው፣ ክብ ክብ ሆኖ ፀሐይዋ ባረፈችበት ዙሪያ ይታያል፣ እናንተ ስትንቀሳቀሱ ክቡም አብሮ ይንቀሳቀሳል። ጣሪያው ላይ ደግሞ ሌላ ጉድ፣ ነጣ ያለ ጭጋግ፣ ሲታጠብ ጥፍት ይላል፣ ውሃው ሲደርቅ ተመልሶ ቁጭ።

ከዚህ በፊት አንድ ላቫጆ (ስሙ ይቅር) ፖሊሽ አርገውልኝ ነበር። በሰዓቱ እንዴት እንዳበራች ልነግራችሁ አልችልም፣ ሁለት ሦስቴ ከታጠበች በኋላ ግን ያ ሁሉ ጭረት እንዳለ ተመለሰ። ያደረጉት ነገር ጭረቱን ማጥፋት ሳይሆን በዘይትና በሲሊኮን መሙላት ነው፣ የተሞላው ታጥቦ ሲሄድ ጭረቱ እዛው ነው። ላቫጆዎቹን አልረግምም፣ ለሠርግ ወይ ለሽያጭ ከሆነ እሱም ይበቃል ለሚል ሰው ይበቃል። እኔ ግን ለራሴ ነው ምነዳት።

እንግዲህ ይሄኛው ልጅ ጠባሴ አካባቢ በቆርቆሮ የተከለለች ቦታ ነው ሚሰራው። ስሄድ ማሽን አላነሳም፣ ዋጋም አልተናገረም፣ መጀመሪያ የጠየቀኝ መቼ ተቀባች፣ በምን ተቀባች ነው። በምን እንደተቀባች ምን አውቃለሁ እኔ። እሺ ብሎ የቤንዚን መክደኛውን ከፈተና ከውስጥ በኩል፣ ማንም የማያየው ቦታ ላይ፣ ነጭ ጨርቅ ጫፉን ቲነር አስነክቶ ጠረግ ጠረግ አደረገው። ጨርቁ ወዲያው ሰማያዊ ሆነ። “ናይትሮ ነው ጋሼ፣ ሃርድነር የለውም፣ ክሊርም የለውም” አለኝ። ይቺን የአንድ ደቂቃ ነገር ሌላ ቦታ ሲያደርጉ አይቼ አላውቅም፣ ሥራው ሁሉ የተወሰነው ግን እሷ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሃርድነር የሚባለው ማጠንከሪያ የተቀላቀለበት ቀለም የሚጠነክረው በኬሚካል ነው፣ አንዴ ከጠነከረ ቲነር አይፈታውም። ናይትሮ ግን ቲነሩ ስለተነነ ብቻ ነው የደረቀው፣ መልሳችሁ ቲነር ስታስነኩት መልሶ ይፈታል፣ ማሽን ሲያሞቀውም ይለሰልሳል። ስለዚህ ለፋብሪካ ቀለም የሚያደርጉትን እዚህ ላይ ካደረጉት ቀለሙን ያቃጥሉታል። በዛ ላይ ክሊር የሚባለው፣ ከላይ የሚከላከል ቀለም አልባ ሽፋን ስለሌለ የምትፍቁት ራሱን ቀለሙን ነው። ፋብሪካ ላይ የተቀባ መኪና ክሊሩ ብቻውን 40 ወይ 50 ማይክሮን ገደማ ውፍረት አለው፣ ከአንድ የራስ ፀጉር ያነሰ ማለት ነው፣ ግቢ ውስጥ የተቀባው ደግሞ አንዱ ጋ ወፍራም አንዱ ጋ ስስ ነው፣ ቀቢው እጁ የት እንደቆየ የት እንደቸኮለ እሱ ነው ሚያውቀው።

ጭረቱና ጭጋጉ አንድ ነገር መስሎኝ ነበር ምኖረው፣ ለካ አይገናኙም። ጭረቱ የእጥበት ነው። አቧራ የጠጣ መኪና በደረቅ ጨርቅ ጠረግ ጠረግ፣ መሬት ላይ በወደቀ ስፖንጅ፣ በደንብ ባልሟሟ ኦሞ፣ በቃ በዚህ ነው ሚመጣው። በነገራችን ላይ ጭረቶቹ ክብ አይደሉም፣ በሁሉም አቅጣጫ የተሰመሩ ቀጫጭን መስመሮች ናቸው፣ ብርሃን የሚመልሱት ግን ከብርሃኑ ጋ የሚገጥሙት ብቻ ስለሆኑ ነው ዓይናችን ክብ የሚያየው። ጭጋጉ ግን ገና ሲቀባ የገባ ነው። ቲነር ሲተን ላሜራውን ያቀዘቅዛል፣ አየሩ እርጥብ ከሆነ ውሃው ቀለሙ ላይ ይቀመጥና ነጭ ሆኖ ይቀራል። ደብረ ሲና ደግሞ ታውቋታላችሁ፣ ከጣርማ በር ጉሙ ሲወርድ ፊት ለፊት ያለ ሰው አይታይም፣ እንደዛ ባለ ቀን ግቢ ውስጥ ናይትሮ የረጨ ሰው ጣሪያው ነጭ ቢሆንበት ምን ይገርማል። ሸዋ ሮቢት ወርዶ ቢቀባት ይሄ ላይመጣ ይችል ነበር፣ እዛ ደግሞ ሙቀቱ ሌላ ጣጣ አለው፣ ቀለሙ ላሜራው ላይ ሳይደርስ አየር ላይ ይደርቅና እንደ አቧራ ነው ሚያርፈው።

ወደ ሥራው። ኮፈኑ ላይ በወረቀት ፕላስተር ክንድ በክንድ የሚሆን አራት ማዕዘን ከለለና መጀመሪያ እዛች ላይ ብቻ ሞከረ። የጀመረውም በጣም ለስላሳ በሆነው ስፖንጅና በቀጭኑ ፖሊሽ ነው፣ አልበቃውም፣ ከዛ ኮምፓውንድ (ሸካራውን፣ ጭረት የሚቆርጠውን ፖሊሽ) አመጣ፣ ግን አሁንም በስፖንጅ እንጂ በበግ ፀጉሩ አይደለም። ለምን በፀጉሩ ቶሎ አትጨርሰውም ስለው ፀጉሩ ይቆርጣል፣ ያሞቃልም፣ ለናይትሮ አይሆንም አለ። ማሽኑ የሚሽከረከረው ዓይነት ነው፣ ፍጥነቱን ግን ዝቅ አድርጎ ነው ሚሰራው፣ በየመሀሉ ያቆምና የእጁን ጀርባ ላሜራው ላይ ያሳርፋል፣ ከሞቀ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል።

እኔ ቆሜ ሳይ ስፖንጁ ሙሉ በሙሉ ሰማያዊ ሆነ። ኧረ ቀለሙን ጨረስከው ብዬ ጮህኩ። ሳቀብኝ። “ጋሼ ክሊር የለውም አልኩህ እኮ፣ ስፖንጁ ሰማያዊ ካልሆነ ነበር መደንገጥ፣ አልነካሁትም ማለት ነው” አለኝ። ክሊር ያለው መኪና ላይ ግን ስፖንጁ ነጭ ነው መሆን ያለበት፣ የመኪናው ቀለም ከወጣ ክሊሩ አልቋል ማለት ነው፣ ይሄን ያዙልኝ፣ ሌላ ቦታ ስታሰሩ ይጠቅማችኋል።

ከኮምፓውንዱ በኋላ ያለው ነገር ነው ብዙ ቤት የሚለየው። ኮምፓውንድ ትልቁን ጭረት ያጠፋና የራሱን ደቃቅ ጭረት ትቶ ይሄዳል፣ ጥላ ውስጥ ቆንጆ ይመስላል፣ ፀሐይ ላይ ደብዘዝ ብሎ ይታያል። ብዙዎቹ እዚህ ላይ ሰም ቀብተው ብር ይቀበላሉ። ይሄ ልጅ ግን ኮፈኑን ውሃና ትንሽ ላርጎ ባለው ጨርቅ ጠርጎ ዘይቱን አወጣው፣ የፋብሪካ ቀለም ቢሆን በአልኮል ነበር ምጠርገው ናይትሮ ላይ ግን አልደፍርም አለ፣ ከዛ መኪናዋን ገፍተን ፀሐይ ላይ አወጣናት፣ ጎንበስ ብሎ በጎን አያት፣ መልሰን አስገባናት፣ አዲስ ስፖንጅ ቀይሮ በቀጭኑ ፖሊሽ እንደገና ሄደባት። ማታ ደግሞ በስልክ ባትሪ እየዞረ አያት። አንዴ ፎጣው መሬት ላይ ወደቀበት፣ አንስቶ አራግፎ አልቀጠለም፣ ጥግ ላይ ወዳለው ባልዲ ወረወረውና ሌላ አወጣ። እኔ እዛች ላይ ነው ልቤን የሰጠሁት።

በሩ ላይ ቀለሙ ወርዶ እንባ የሰራበት ቦታ ነበረ፣ እሱን በ2000 ብርጭቆ ወረቀት፣ ላስቲክ ላይ ጠቅልሎ፣ በሳሙና ውሃ ቀስ እያለ አስተካከለው። እንግዲያው መኪናዋን በሙሉ ለምን እንዲህ አትፍቃትም፣ እንደ መስታወት ትሆናለች አልኩት። እምቢ አለ። ውፍረቱን አላውቅም፣ ፀሐይ ላይ ካወጣኋት በኋላ ከቀለሙ ስር ያለው ግራጫው አንቲራስት ቢታይ ማን ይከፍልሃል አለኝ። የላሜራውን መታጠፊያ ሁሉ በፕላስተር ሸፍኖ ነው የሰራው፣ ቀለም ጠርዝ ላይ ሁሌም ስስ ስለሆነ መጀመሪያ የሚያልቀው እዛ ነው። የግራው ፓራፋንጎ ላይ ጭረቱ ገና እያለ ማሽኑን አጠፋ፣ ጠጋ ብዬ ሳየው ቀለሙ በጣም ትንሽ ፈዘዝ ብሏል፣ አንድ ዙር ቢጨምር ግራጫው ይወጣ ነበር። እኔ ይሄን ነው የከፈልኩበት ብዬ ምቆጥረው። ማሽን ማሽከርከር ማንም ያሽከረክራል፣ ይብቃ ማለት የሚችል ግን ብዙ አላየሁም።

ውጤቱስ? ኮፈኑና በሮቹ ላይ ያ ድር ጠፍቷል ማለት ይቻላል፣ ፈልጋችሁ ካላያችሁት አታዩትም፣ ሰማያዊውም ጠቆር ብሎ ጥልቀት ያለው ሆነ፣ ከላቫጆው ፖሊሽ በኋላ እንደሆነው እጥበት አልመለሰውም እስካሁን። ጣሪያው ላይ አብዛኛው ጭጋግ ወጣ፣ ላይ ላዩን ስለነበር። ኋላ መስታወቱ አጠገብ አንድ ሰሃን የምታህል ቦታ ላይ ግን ቀርቷል፣ ቀለሙ ውስጥ የገባ ነው፣ ፖሊሽ አይነካውም፣ የሚጠፋው ተፍቆ ሲቀባ ነው። ይሄን ከመክፈሌ በፊት ነው የነገረኝ፣ ሳልጠይቀው።

አሁን ወቀሳው። አንደኛ፣ ነገ ማታ ውሰዳት ብሎኝ ነገ ማታ ስሄድ ግማሽ መኪና ናት። መብራት ጠፍቶ ነበር አለኝ፣ እውነት ነው ጠፍቶ ነበር፣ ግን ስልክ ደውሎ መናገር ማንን ገደለ? እኔ ስደውል ደግሞ አያነሳም። ሁለተኛ፣ ኮምፓውንዱ ላስቲኮቹ ላይ፣ የዝናብ መጥረጊያው ስርና የበሩ ስንጥቅ ውስጥ ሁሉ ገብቶ ነጭ ሆኖ ደርቋል፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ራሴ ነኝ ያወጣሁት፣ ይሄን ያህል የለፋ ሰው ላስቲክ በፕላስተር መሸፈን እንዴት ይከብደዋል። ሦስተኛ፣ ለበሩ ፍቅፊያ ብቻውን ጭማሪ ጠየቀኝ፣ ሥራው ይገባዋል፣ ሲጀምር ግን አልተናገረም። መቀመጫ የለም፣ ደረሰኝ የለም፣ ነፋሱ ደግሞ የደብረ ብርሃን ነፋስ ነው፣ ጋቢ ይዛችሁ ሂዱ።

ጠዋት በጣም በማለዳም አትሂዱ፣ አይጀምርላችሁም። 2800 ሜትር ላይ ነን እኮ፣ በታኅሣሥ ውርጭ ያደረ ላሜራ ላይ ሥራው አይሄድለትም፣ ቀትር ላይ ደግሞ ፀሐይዋ ኮምፓውንዱን ገና ሳይሰራበት ታደርቅበታለች። ረፋድ ላይ ነው፣ በጥላ።

አዲስ ያስቀባችሁ ሰዎች ደግሞ ታገሱ። እኔ እያለሁ አንድ ሚኒባስ በቅርቡ ተቀባ ብለው አምጥተው መልሶ ሸኛቸው። ላዩ ደርቆ ውስጡ ገና ቲነር ያለው ቀለም ላይ ፖሊሽ ብታደርጉ ለጊዜው ያበራል፣ ቲነሩ ሲወጣ ቀለሙ ይወርድና መልሶ ይደበዝዛል፣ በኛ ብርድ ደግሞ ቀለም ቶሎ አይደርቅም፣ ሳምንታት ነው ሚፈልገው። ጥፍራችሁን ስትጫኑበት ምልክት ከቀረ ወይ ስታሸቱት ቲነር ቲነር ካለ ገና ነው። የተላጠ ወይ የተሰነጠቀ ቀለም ያላችሁም አትድከሙ፣ እሱ የቀቢ ሥራ ነው። አንዲት ጭረት ብቻ ያለችው ሰው ደግሞ በጥርስ ሳሙና ሞክር የሚሉትን ቢሰማ ብዙም አይጎዳም፣ ኮፈን ሙሉ ግን በጥርስ ሳሙና ሲያሽ የዋለ ሰው አውቃለሁ፣ ያተረፈው ድካም ነው።

እኔ ከዛ ወዲህ ላቫጆ አልሰጣትም፣ ራሴ እቤት በሁለት ባልዲ አጥባታለሁ፣ አንዱ ሳሙና አንዱ ማለቅለቂያ፣ መጀመሪያ አቧራውን በውሃ ብቻ አወርዳለሁ። ወደ መንዝ የጠጠር መንገድ የምትመላለሱ በተለይ ያን አቧራ በደረቁ እንዳትጠርጉት።

የምትሄዱ ካላችሁ በሩን፣ ጣሪያውን፣ የሚፈቅም ከሆነ ፍቅፊያውን፣ ላስቲክ ማፅዳቱን ጨምሮ ድምር ስንት እንደሆነ ማሽኑ ሳይነሳ ተነጋገሩ። ካለቀ በኋላ ዋጋ መቀነስ የሚባል ነገር አያውቅም፣ እኔም ሞክሬ አልሆነልኝም።